የሲዬና ከተማ በ48 ተማሪ፦ የ1348ቱን ቸነፈር በክፍል ውስጥ ማጫወት

ስለ ጥቁር ሞት ያስተማረ መምህር ያውቀዋል፤ ከሳምንት በኋላ ተማሪው የሚያስታውሰው አይጥ፣ ቁንጫና የሬሳ ክምር ነው። ቸነፈሩ የገባው ግን ምክር ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ የቀረጥ መዝገብና የእህል ገበያ ወዳለው ከተማ ነበር። ማን ወሰነ፣ ማን ከፈለ፣ ወንበሩ ባዶ ሲቀር ማን ተቀመጠበት? ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ መመሪያ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለሚያስተምሩ የታሪክ መምህራንና ለታሪክ ክበባት የተዘጋጀ ነው። 48 ተማሪ፣ ሁለት ድርብ ክፍለ ጊዜ (እያንዳንዱ 80 ደቂቃ) እና ሩብ ኪሎ ሽምብራ ይበቃችኋል።

የምትጫወቱት ከተማ ሲዬና ናት። በቱስካኒ ኮረብታ ላይ የተሠራች፣ ከ1287 እስከ 1355 «ዘጠኙ» በተባለ የነጋዴዎች መንግሥት የተዳደረች ከተማ ናት። ፍሎረንስ ይበልጥ ትታወቃለች፤ ለክፍል ግን አትመችም። የፔሩዚ ባንክ በ1343፣ የባርዲ በ1346 ወደቁ፤ በመካከሉ ደግሞ ከ1342 እስከ 1343 የአቴንስ መስፍን የተባለ ፈረንሳዊ ገዝቷት በአመፅ ተባሯል። ተማሪው የባንኩ ውድቀትና ቸነፈሩ ይደበላለቁበታል። የሲዬና ትልቁ ባንክ፣ የቦንሲኞሪ ቤተሰብ «ግራን ታቮላ»፣ የወደቀው 50 ዓመት ቀድሞ በ1298 ስለሆነ ቸነፈሩ ያደረገው ለብቻው ይታያል።

ዘመኑንና ቦታውን አስቀድሞ ማስተካከል

እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የ1348 ጸደይ በእኛ 1340 ነው፤ ዓፄ ዓምደ ጽዮን አርፈው ልጃቸው ሰይፈ አርዕድ ከነገሡ አራት ዓመት ሆኗል። ይህን ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ ተማሪው ጊዜውን የሚይዘው በሚያውቀው ንጉሥ ነው።

ቀን ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። የዛሬውን ሰንጠረዥ ከተጠቀማችሁ ሜይ 2 ቀን 1348 ሚያዝያ 24 ይሆናል። ያኔ አውሮፓም በዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበረች ትክክለኛው ግንቦት 7 ነው፤ የ13 ቀን ስሕተት ማለት ነው። ሌላም አለ፦ ሲዬናም ፍሎረንስም አዲስ ዓመት የሚገቡት ማርች 25፣ ማለትም መጋቢት 29፣ በእኛ በዓለ ፅንሰት ቀን ነበር። ስለዚህ በጃንዋሪ 1346 የሆነ ነገር በከተማው መዝገብ 1345 ተብሎ ይገኛል። ዘመን መለወጫው መስከረም ለሆነ ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ሳትጀምሩ አጥሩ። አንደኛ፣ «ጣሊያን» ሲባል ልጆቻችን የሚታያቸው ዓድዋና የአምስቱ ዓመት ወረራ ነው። በ1348 ጣሊያን የሚባል መንግሥት የለም፤ የሲዬና ባላንጣ ፍሎረንስ ናት፤ በ1260 ሞንታፔርቲ ላይ ሲዬና ፍሎረንስን ድል አድርጋታለች። ሁለተኛ፣ በሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ የከተማ ካርታ ሳል ቢባል ዳሩን ውሃ ያደርገዋል፤ እህሉንም በታንኳ ያስመጣል። ሲዬና ወንዝም ሐይቅም የላትም። የምትጠጣው ከመሬት በታች ከተቆፈሩ፣ በድምሩ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ከሚደርሱ ቦዮች ነው። ታላሞኔ የተባለውን ወደብ በ1303 ብትገዛም ከከተማው ሩቅ ነው። እህል የሚገባው በበቅሎና በአህያ፣ በበር በኩል፣ ቀረጥ ተከፍሎበት ነው። ይህ ካልገባቸው የግምጃ ቤቱ ጉዳይም አይገባቸውም።

ዕቃው

ሽምብራ እህል ነው፤ 350 ፍሬ ቁጠሩ። ጥሬ ይሁን። የተቆላ ከሆነ ሁለተኛው ዙር ላይ ሳይደርስ የከተማዋ ጎተራ ይበላል። በቆሎ አትጠቀሙ፤ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ገና አልደረሰም፤ ተማሪው አንዴ በእጁ ከያዘው ደግሞ ፈተና ላይ ይጽፈዋል።

የጠርሙስ ቆርኪ የወርቅ ፍሎሪን ነው። 320 ያህል ሰብስቡ፤ በየሰፈሩ ካለ ግሮሰሪ በሁለት ቀን ይሞላል። እውነተኛው ፍሎሪን 3.5 ግራም ያህል ወርቅ ሲሆን ፍሎረንስ ከ1252 ጀምሮ አውጥታዋለች። የዕለት ሒሳብ ግን በሊራ፣ በሶልዲና በዴናሪ ነበር፦ 1 ሊራ 20 ሶልዲ፣ 1 ሶልዶ 12 ዴናሪ። ይህን ለሒሳብ መምህሩ ተዉለት፤ በጨዋታው ቆርኪ ብቻ ይበቃል።

ለድምፅ 50 ነጭ ቦሎቄ ያዙና ግማሹን በማርከር አጥቁሩ። አሰጣጡን ከፍሎረንስ ተውሰነዋል፦ ጥቁር ፍሬ «ይሁን»፣ ነጭ ፍሬ «አይሁን» ነው። ተማሪዎች በተቃራኒው ያደርጉታል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ድምፅ በፊት ጮክ ብላችሁ ድገሙት። ድምፅ ሰጪው ሁለቱንም ፍሬ ይይዝና አንዱን በተጨበጠ እጅ ወደ ጣሳው ይከታል። እጅ በማውጣት ድምፅ አታስቆጥሩ፤ ሁሉም የክፍል አለቃውን እያየ ያወጣል።

አንድ ትንሽ ማሰሮ፣ 48 የታጠፉ ወረቀቶች፣ «የውጭ ገበያ» የሚባል አንድ ጣሳ፣ አንድ ደብተር። ለደብተሩ የካርቶን ልባስ አብጁና ሥዕል ጎበዝ የሆነ ተማሪ ይሣልበት። የሲዬና ግምጃ ቤት፣ ቢኬርና፣ ከ1258 ጀምሮ የሒሳብ መዝገቡን ሽፋን በሥዕል ያስጌጥ ነበር፤ ከእንጨት ሽፋኖቹ ብዙዎቹ ዛሬም አሉ።

ሰዎቹ

ክፍሉን እንደ ከተማዋ በሦስት ክፈሉት፦ ቺታ፣ ሳን ማርቲኖ፣ ካሞሊያ። 18 ነጋዴ፣ ከየሰፈሩ 6 (ለእያንዳንዱ 5 ቆርኪ)። 6 መኳንንት፣ ከየሰፈሩ 2 (12 ቆርኪ)፤ የቶሎሜይ፣ የሳሊምቤኒ፣ የፒኮሎሚኒና የማላቮልቲ ቤተሰቦች ስም ይሰጣቸው። 3 ኖታዮ፣ ማለትም ውልና ኑዛዜ ጸሐፊ (3 ቆርኪ)። 9 የሱፍ ሠራተኛ (1 ቆርኪ)። 6 ገበሬ (1 ቆርኪ)። 5 የቢኬርና ሰዎች፣ አንድ ገንዘብ ያዥና አራት ተቆጣጣሪ፤ ሣጥናቸው በ30 ቆርኪ ይጀምራል። ገንዘብ ያዡ ብዙ ጊዜ መነኩሴ ነበር፤ ወገን የለውም ተብሎ ስለሚታመን። አርባ ስምንተኛው ፖዴስታው፣ ዳኛና የፖሊስ አዛዥ ነው። ፖዴስታ ከሌላ ከተማ የሚመጣ ቅጥረኛ ስለሆነ ተማሪውን ከሌላ ሴክሽን ተዋሱት። ዘመድም ጓደኛም የሌለው ዳኛ ለምን እንደሚፈለግ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታያል።

ዘጠኙ የሚመረጡት ከነጋዴዎቹ ብቻ ነው። መኳንንት፣ ዳኛ፣ ኖታዮና ሐኪም አይገቡም፤ መኳንንቱ ምክር ቤት ውስጥ ግን ይቀመጣሉ፣ ድምፅም ይሰጣሉ። በጨዋታው ምክር ቤቱ 18ቱ ነጋዴዎችና 6ቱ መኳንንት ናቸው። የእውነተኛው የደወል ምክር ቤት 300 አባላት ነበሩት፣ ከየሰፈሩ 100።

አሁን ዋናው ሒሳብ። ዘጠኙ የሚሾሙት ለ2 ወር ነው፤ የወረደ ሰው ለ20 ወር አይመለስም። በዓመት 54 ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ዙር 22 ወር ስለሚሆን ሕጉ ሳይጣስ ለመኖር ቢያንስ 99 ብቁ ነጋዴ ያሻል። ሰሌዳው ላይ አስሉት። በክፍል 9ኙን ወደ 3 ቀንሱ፣ ከየሰፈሩ አንድ። ስድስት ዙር ሲባዛ በሦስት 18፤ ያሏችሁ ነጋዴዎችም 18። ማንም ሳይደግም በትክክል ይዘልቃል፤ ሰው ካልሞተ።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ዙር

አንድ ዙር 2 ወር ነው፤ የመጀመሪያው ኖቬምበርና ዲሴምበር 1347። ለአንድ ዙር 20 ደቂቃ ያዙ፤ በመጀመሪያው ቀን ሦስቱን ከነማብራሪያው መጨረስ አለባችሁ።

መጀመሪያ እህል። ሁሉም ሰው በዙር አንድ ሽምብራ ይበላል። ለእያንዳንዱ ገበሬ 10 ፍሬ ይሰጣል፤ 60 ይሆናል፣ 12 ይተርፋል። በ1ኛው ዙር ግን 6፣ 6 ብቻ ስጡ፦ ከ1346 ጀምሮ ቱስካኒ ውስጥ አዝመራ ከፍቶ ነበር። 36 ፍሬ ለ48 አፍ። መነሻ ዋጋው ሁለት ፍሬ በአንድ ቆርኪ ቢሆንም ገበሬው ይከራከር፤ ቢኬርናም ከውጭ ገበያ አንዱን ፍሬ በአንድ ቆርኪ መግዛት ይችላል።

ቀጥሎ ሱፍ። የበላ ሠራተኛ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተዋውሎ አንድ ጨርቅ ይሠራል፤ መነሻ ደመወዙ 1 ቆርኪ ነው። ያልበላ አይሠራም። ነጋዴው ጨርቁን ለውጭ ገበያ በ3 ቆርኪ ይሸጥና አንዱን ለጋቤላ፣ ለቀረጥ፣ ያስገባል። ዘጠኝ ጨርቅ፣ ዘጠኝ ቆርኪ ገቢ። ወጪውም 9 ነው፦ ለፖዴስታው 4፣ ለዘብና ለግንብ 5። ይህ እኩልነት ሆን ተብሎ የተቀመጠ ነውና አትንኩት።

በመጨረሻ ምክር ቤት። ዘጠኙ ሐሳብ ያቀርባሉ፣ ምክር ቤቱ በቦሎቄ ይወስናል። ገንዘብ ሲያጥር ሁለት መንገድ አለ፦ ጋቤላውን መጨመር፣ ወይም ከባለጠጎች የግዴታ ብድር ወስዶ በኋላ ከወለድ ጋር መመለስ (በ10 ቆርኪ 1)። መኳንንቱ ጋቤላን ይመርጣሉ፤ እህል የሚገዛው ሁሉ ስለሚሸከመው። ብድሩም ቢሆን የሚያስለቅሳቸው መስሎ ወለድ ያስበላቸዋል። ይህን አትንገሯቸው፤ በ3ኛው ዙር አንድ የሱፍ ሠራተኛ ራሱ ይናገረዋል።

በ1ኛው ዙር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ይህ ነው፦ ነጋዴዎች እህሉን በሙሉ ገዝተው ያከማቻሉ፣ ዘጠኙም ሠራተኞች ይራባሉ፣ ጨርቅ አይሠራም፣ ቀረጥ አይገባም። ጨዋታው ስላልተሳካ አይደለምና አታቋርጡት። የቱስካኒ ከተሞች ከሩቅ እህል እያስመጡ በርካሽ የሚሸጡት በደግነት ብቻ እንዳልነበር ተማሪው የሚያየው እዚህ ነው።

4ኛውና 5ኛው ዙር

ሁለተኛውን ቀን በካርታ ጀምሩ፦ መሲና ኦክቶበር 1347፣ ፒሳ ጃንዋሪ 1348፣ ፍሎረንስ ማርች፣ ሲዬና በጸደዩ። ምልክቱን በሚያውቁት ቃል ንገሯቸው፦ ትኩሳት፣ ብሽሽትና ብብት ላይ ንፍፊት፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞት።

በ4ኛው ዙር (ሜይና ጁን) ማንም ሳይበላ 48ቱን ወረቀት ማሰሮው ውስጥ ጨምሩ፤ 16ቱ መስቀል አለባቸው። በ5ኛው ዙር 32 ወረቀት፣ 8 መስቀል። 24 ሰው ይተርፋል። በቅርቡ የቤተሰብ ሐዘን የደረሰበት ተማሪ ካለ ምልክት የሌለውን ወረቀት አስቀድማችሁ በእጁ ስጡት፤ ቁጥሩ አይዛባም። ዕጣውን በምንም ሌላ ምክንያት አታስተካክሉ። ሁለት ኖታዮ ቢሞት ይሙት። ገበሬ ከሁለት በታች ከወረደ ብቻ አንድ ሠራተኛ ወደ እርሻ ይውጣ።

የሞተው ተማሪ ወደ ኋላ ወንበር ሄዶ ስልኩን እንዳይነካካ ሥራ ስጡት። በሕይወት ያለ አንድ ኖታዮ በአንድ ዙር 3 ኑዛዜ ብቻ ይጽፋል፤ ሟቹ ሰልፍ ይዞ ለማን እንደሚያወርስ ይናገራል። ያልደረሰው ሰው ቆርኪ «የሙግት ሣጥን» ውስጥ ገብቶ እስከ 6ኛው ዙር ይታሸጋል፤ በ1348 በጋ የሲዬና የፍትሐ ብሔር ችሎት ተዘግቶ ነበርና። አንድ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሳንታ ማሪያ ዴላ ስካላ የተባለው የከተማዋ ሆስፒታል ሣጥን ይቀመጥ። ብዙ ሟች ለነፍሱ ብሎ ለዚያ ይናዘዛል፤ እንደ እውነቱም ሆስፒታሉ ከቸነፈሩ በኋላ በኑዛዜ ሀብት በልጽጓል።

በእነዚህ ሁለት ዙሮች የውጭ ገበያ ጨርቅ አይገዛም። ገቢ ዜሮ፣ ወጪ 9።

ምክር ቤቱ ምን ይወስናል? እዚህ ላይ ፖዴስታው ዘብ ይቁም። «አይጥ እንግደል» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አለ፤ ሐሳቡ ውድቅ ነው። የበሽታውን ባክቴሪያ የርሲን የተባለ ሐኪም ያገኘው በ1894 ሆንግ ኮንግ ነው፤ የ1348 ሰው የሚያወራው ስለተበከለ አየርና ስለ ከዋክብት ነበር። «40 ቀን ለይተን እናቆይ» የሚልም አለ፤ እሱም ገና ነው፤ ራጉሳ (የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ) በ1377 የ30 ቀን ማቆያ ስትደነግግ ነው የሚጀመረው። «በር እንዝጋ» ግን ይፈቀዳል። ሌላዋ የቱስካኒ ከተማ ፒስቶያ በግንቦት 7 ከፒሳና ከሉካ ሰውም ያገለገለ ጨርቅም እንዳይገባ ከልክላ፣ ሬሳ በምስማር በተመታ ሣጥን እንዲቀበር፣ ለሟች ደወል እንዳይደወል ደንግጋለች። በሽታው ግን ገብቶ ነበር፤ የጉዞ ክልከላውን በዚያው ወር አነሳችው። ምክር ቤታችሁ በር ቢዘጋ የመስቀሉ ቁጥር አይቀንስም።

«መርዝ የጨመሩብን እንግዶች ናቸው» የሚል ከተነሣ ጨዋታውን አቁማችሁ በራሳችሁ አፍ ተናገሩ፦ በሳቮይና በጀርመን ከተሞች አይሁድ በዚህ ክስ ተቃጥለዋል፤ ጳጳሱ ክሌመንት ስድስተኛ አይሁድም በዚያው በሽታ እየሞቱ መሆኑን ጠቅሰው ክሱን አውግዘዋል። ይህን ለተማሪ ቀልድ አትተዉት።

አንድ ውሳኔ ግን እናንተው አቅርቡላቸው፦ ቁማር ይታገድ? እግዚአብሔር ተቆጥቷል፣ ኃጢአት ይቅር፤ በሌላ በኩል ቁማር ቀረጥ ያስገባል (በጨዋታው በእያንዳንዱ ዙር 3 ቆርኪ)። ሲዬና በጁን 1348 «ለዘላለም» አገደችው። ዓመቱ ሳያልቅ ፈቀደችው፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር። የእውነተኛውን ታሪክ ድምፅ ከሰጡ በኋላ ብቻ ንገሯቸው።

የሹመቱ ሒሳብ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በ5ኛው ዙር ነው። ከአንዱ ሰፈር ያልተሾመ ነጋዴ ያልቃል። ምክር ቤቱ ይምረጥ፦ የ20 ወሩን ሕግ መጣስ፣ መኳንንትን ማስገባት፣ ወይም ወንበሩን ባዶ መተው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ለእህሉ የመደባችሁትን ደቂቃ ሰርቃችሁም ቢሆን ለዚህ ስጡ።

ሥዕሉ

የዘጠኙ አዳራሽ ግድግዳ ላይ አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በ1338 እና 1339 የሣለው የመልካምና የክፉ አስተዳደር ሥዕል አለ። በትልቅ ወረቀት ባለ ቀለም አሳትማችሁ ከ1ኛው ዙር በፊት ስቀሉት። ዘጌ ሄዶ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ያየ ልጅ ሥዕል እንደሚነበብ ያውቃል፤ ማን ከማን በላይ ነው፣ በእጁ ምን ይዟል፣ ወዴት ይመለከታል እያለ እንዲያነበው ጠይቁት።

በግራ በኩል ፍትሕ ከላይዋ ጥበብ በያዘችው ሚዛን ሥር ተቀምጣለች። ከሁለቱ የሚዛን ሳሕኖች ሁለት ገመድ ይወርዳል፤ ከእግሯ ሥር ያለችው ስምምነት ገመዶቹን ትይዝና ለዜጎች ታቀብላለች። 24 ዜጎች ያንን ገመድ ይዘው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ጥቁርና ነጭ ወደለበሰው ትልቅ ሽማግሌ ይሄዳሉ፤ ጥቁርና ነጭ የሲዬና ቀለም ነው። አሁን የስምምነትን ጭን አስተውሉ፦ የአናጢ መላጊያ አለ። እንጨት እንደሚላግ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርጎ ማስተካከል። ለ6ቱ መኳንንት ይህን አሳዩና ምን እንደተሰማቸው ጠይቁ። በጨዋታው የሚተርፈውም 24 ሰው መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ትርጉም አትፈልጉለት።

ሎሬንዜቲ ራሱ በዚያው ቸነፈር ሳይሞት እንዳልቀረ ይታመናል።

6ኛው ዙርና ከዚያ በኋላ

የውጭ ገበያ ይከፈታል፣ የሙግት ሣጥኑም ይፈታል። በሕይወት ያለ ሠራተኛ አራት ወይም አምስት ይሆናል፤ ነጋዴው ግን ዘጠኝ ገደማ ነው። ሠራተኛው 2 ቆርኪ ይጠይቃል። ነጋዴው 3 ይሸጣል፣ 1 ለጋቤላ፣ 2 ለደመወዝ፤ ለራሱ ምንም። ምክር ቤቱ ውስጥ ጩኸት ይነሣል፦ ደመወዝ በሕግ ይወሰን፣ ወይስ ጋቤላ ይቀነስ? የቢኬርና ተማሪዎች ገቢው 5፣ ወጪው 9 መሆኑን ከደብተሩ ያንብቡ። ሦስት ያህል ገበሬ 30 ፍሬ ያመጣል፣ የሚበላው 24 ነው፤ እህል ይረክሳል። ከተራፊዎቹ ብዙዎቹ በ1ኛው ዙር ከነበራቸው የበለጠ ቆርኪ ይዘው ይገኛሉ፤ ይህን ሲያዩ ክፍሉ ዝም ይላል።

ለቁጥር ትችት ቸነፈሩን በዓይኑ ያየውን የሲዬናውን ሰው የአኞሎ ዲ ቱራን ዜና መዋዕል አምጡ። አምስት ልጆቹን በገዛ እጁ እንደቀበረ ጽፏል፤ በከተማውና በዙሪያው 80,000 ሰው ሞተ ይላል። የከተማዋ ሕዝብ ከቸነፈሩ በፊት ወደ 50,000 ይገመታል። ተማሪው አንዱን አምኖ ሌላውን እንዲጠራጠር፣ ምክንያቱንም በሁለት መስመር እንዲጽፍ አድርጉ።

ጊዜ ከተረፈ ሁለት ነገር ጨምሩ። ሲዬና በ1339 ካቴድራሏን እጅግ ልታሰፋ ወስና ነበር፤ ሥራው ቆመ፣ በ1357 ተተወ፤ የፊት ግድግዳው ብቻውን እስከ ዛሬ ቆሟል። ፎቶውን አሳዩና ለግንባታው ስንት ሠራተኛ እንደቀረ ከደብተሩ ይቁጠሩ። ሌላው 7ኛ ዙር ነው፦ መጋቢት 29፣ የ1355 የመጀመሪያ ቀን። ንጉሠ ነገሥት ለመሆን ወደ ሮም የሚጓዘው ቻርልስ አራተኛ ከተማዋ ገብቷል። መኳንንቱና ሠራተኞቹ ተባብረው ዘጠኙን ማውረድ ይችላሉ፤ ያኔ አውርደዋቸዋል። ለዚህኛው ድምፅ ቦሎቄውን ከምክር ቤቱ ውጭ ላሉትም አድሉ፤ ጥቁሩ «ይሁን» መሆኑንም አንድ ጊዜ ድገሙላቸው።